አርባ ፊርማ

የመጨረሻው ደብዳቤ ሲመጣ እናቴ የአንድ ልጅ ሸሚዝ ኮሌታ እያዞረች ነበር። ደብዳቤውን ያመጣችው ራሷ እህቴ ናት። ለወላጅ እንድትሰጥ ታሽጎ የተሰጣትን ፖስታ መንገድ ላይ ከፍታ አንብባዋለች፤ ሁለት የፊደል ስህተትም በቀይ እስክሪብቶ አርማበታለች።

"ውሳኔው እንኳ ያን ያህል አይደለም" አለች ቦርሳዋን ወንበር ላይ እየወረወረች። "አጻጻፉ ነው የሚያሳፍረው።"

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቋ ነው፤ ከሳሎኑ የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። የምትሰፋው በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ግማሹ ደግሞ የእህቴ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። ልጇ ከዚያ ብትባረር እንኳ የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ሊያስለኩ ሲመጡ "ትንሿስ፣ ደህና ናት?" እያሉ እንደሚጠይቋት ታውቃለች።

ደብዳቤው እንደሚለው እህቴ ከዓርብ ጀምሮ ለአሥር የትምህርት ቀናት አንድ ቅጽ ይዛ ትዞራለች። በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ አለ። በእያንዳንዱ መጨረሻ መምህሩ ታዛለች ካለ ይፈርማል፤ አልታዘዘችም ካለ ባዶውን ይተወዋል። ከሃምሳው አርባ ፊርማ ካመጣች ትቆያለች፤ ካላመጣች መሸኛዋን ተቀብላ ትሄዳለች። ወዴት እንደምትሄድ ደብዳቤው አይልም። በእግር የሚደረስባቸው ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ባለፈው ዓመት መሸኛ የሰጣት ነው። ሁለተኛውን የምታስተዳድረው የአንደኛው ርዕሰ መምህር ባለቤት ናት።

እህቴ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቴ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ "ይግባኝ" ብሎ ይጠራታል። ተኚ ሲሏት ይግባኝ ትላለች፣ ተነሺ ሲሏትም ይግባኝ። ሰነፍ አይደለችም፤ ክፉም አይደለችም። ነገር ግን ራሷ ልታደርገው የተነሳችውን ነገር እንኳ ካዘዟት ትተወዋለች። አንድ ቀን ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆ አንስታ ሳለ እናቴ "ጠጪ እንጂ፣ ሙቀት ነው" አለቻት። ብርጭቆውን መልሳ አስቀመጠችና እስኪመሽ ከንፈሯ ደርቆ ዋለች።

እኔ ታላቋ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እየጠበቅሁ ነው፤ እስከዚያው ለእናቴ አዝራር እተክላለሁ።

ሐሙስ ዕለት እናቴና እኔ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ዘንድ ተጠራን። ቢሮዋ ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ ዕቃው ግን አልወጣም። ትንፋሽ በጨረሱ ኳሶች መሃል ተቀመጥን።

"በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያዟት?" አለች እናቴን።

"እኔ? እኔ እኮ ሰው ማዘዝ አልወድም።"

"በግምት ይንገሩኝ።"

"ሦስት። ቢበዛ አራት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ "ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፤ ምን ያጎብጥሻል?" አለችኝ።

አማካሪዋ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

ምክሯ ረጅም አልነበረም። መጀመሪያ ትእዛዞቻችሁን ቁጠሩ አለችን፤ ከዚያ የግድ ያልሆነውን ተዉት። የምታዙትን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሳጥራችሁ፣ ሳትጮኹ እዘዙ፤ የምትሉትን ደግሞ ከልባችሁ በሉት። ሲቻል ሁለት አማራጭ ስጧት፤ ሁለቱንም የምትቀበሏቸው ይሁኑ። ከዚያ ዞር በሉ እንጂ ፊቷ ቆማችሁ አትጠብቁ። ሰው ባለበት አትሟገቷት፤ ተመልካች ፊት ማንም መሸነፍ አይወድም። ደግ ነገር ስታደርግ ደግሞ ምን እንዳደረገች ለይታችሁ አመስግኗት፤ "ጎበዝ" ብቻ አይበቃም።

"'ጎበዝ' ብቻውንም ብለናት አናውቅም" አለች እናቴ።

"መጀመሪያ ላይ ይብስባታል" አለች አማካሪዋ። "የምራችሁን መሆኑን ትፈትናለች።"

"ከዚህ የባሰም አለ?"

"አለ" አለች አማካሪዋ በትህትና።

እናቴ ለመቁጠሪያ ስፒል መረጠች። ልብስ ስትለካ ክንዷ ላይ የምታስራት፣ ስፒል የሚሰካባት ትንሽ ትራስ አለቻት። አንድ ትእዛዝ በሰጠች ቁጥር ከክንዷ አንድ ስፒል ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ሌላ ትራስ ታዛውራለች። ዓርብ ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ የክንዷ ትራስ መላጣ ሆነች። ሌላ ፓኮ ስፒል እንድገዛ ላከችኝ፤ ስመለስ እሱም ትእዛዝ ነው ብላ ከአዲሱ አንድ ጠረጴዛው ላይ ባለችው ትራስ ተከለች።

"ስልሳ ሰባት" አለችው አባቴን ከሥራ ሲገባ፣ መርዶ በሚነገርበት ድምፅ። "ስልሳ ሰባት፣ አንተ! ሻለቃ እንኳ በቀን ስልሳ ሰባት አያዝም።"

"ሻለቃ የሚታዘዝለት ሰው ስላለው ነው" አለ አባቴ።

እህቴ በዚያ ቀን ያመጣችው ሁለት ፊርማ ነው። ሰኞ ሦስት።

አማራጭ መስጠቱ መጀመሪያ ላይ አልሆነልንም። እናቴ ሁለት ሹራብ በሁለት እጇ ይዛ "ግራጫውን ነው የምትለብሺው ሰማያዊውን?" አለቻት።

"ሦስተኛው ምንድን ነው?"

ሦስተኛ አልተዘጋጀም። እናቴ በምክሩ መሠረት ሹራቦቹን አልጋው ላይ ትታ ዞር አለችና መጋረጃው ጀርባ ገብታ ያልተበጠሰ ክር ስትበጥስ ቆየች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እህቴ ግራጫውን ገልብጣ ለብሳ ወጣች፤ የስፌቱ ጠርዝ በሙሉ ወደ ውጭ ነው። ለልብስ ሰፊ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናቴ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሁለት ስፒል ከንፈሮቿ መሃል አስገብታ ዘጋችው። ልጅቷ እስክትወጣ አላወጣቻቸውም።

አባቴ በበኩሉ አማራጮቹን በወረቀት ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ። ማታ ወረቀቱን አልጋው ላይ ተመልሶ አገኘው። ሥሩ ላይ "ማኅተም የለውም" ተብሎ ተጽፎበታል። አባቴ አነበበውና "እውነቷን ነው" አለ።

ምስጋናው ከሁሉም ከበደ። ማክሰኞ እናቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ የእህቴን ትከሻ እያየች "ዛሬ በሩን... ሳታላትሚ ነው የዘጋሽው። አመሰግናለሁ" አለች።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። "ማን ሞተ?"

በዚያ ቀን ግን አራት ፊርማ አመጣች፤ በማግስቱም አራት። ሐሙስ አምስቱም ተፈረመ። ቅጹን ከየት እንዳመጣችው በማላውቀው ላስቲክ ውስጥ አስገብታ፣ እንዳይታጠፍ ትልቁ መጽሐፏ መሃል ትይዘው ጀመር። "ምን አገባኝ" እያለች ነው ይህን የምታደርገው። የእናቴ ስፒሎችም ቀስ በቀስ ክንዷ ላይ መዋል ለመዱ። በሁለተኛው ማክሰኞ አሥራ አራት ብቻ ተዛወሩ። ይህ ስምንተኛው ቀን ነው፤ የፊርማው ድምርም ሠላሳ ሁለት ደርሷል። ሁለት ቀን ቀርቷል፤ ከአሥሩ ስምንት ብታመጣ ይበቃል። እናቴ የዚያን ዕለት ስፌት መኪናዋን ዘይት ቀባች። ደስ ሲላት የምታደርገው ነገር ነው፤ ቢጠይቋት ግን "ደርቆ ነው" ትላለች።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። በሚያስተምርበት መኪና ውስጥ ከተማሪው ፍሬን ሌላ በእሱ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ። ሃያ ሁለት ዓመት እግሩ ከዚያ ተነስቶ ስለማያውቅ ሳሎናችን ተቀምጦ እንኳ ሰው ፈጠን ብሎ ሲያልፍ ወለሉን ይረግጣል። ሚስት የለውም፤ ቁርሱን የሚበላው እኛ ቤት ነው። የአማካሪዋን ምክር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንቆታል።

"ይቺን ልጅ ወደ ግራ ለመውሰድ ቀኝ ማለት ነው" ይላል። "በቃ። ይሄ ኮሌጅ መግባት አይፈልግም።"

"ተማሪዎችህንም እንደዚያ ነው የምታስተምራቸው?" ብሎ ጠየቀው አባቴ አንድ ጠዋት።

"ሁለተኛ ፍሬን ምን ሊያደርግልኝ ነው ታዲያ?"

ረቡዕ ጠዋት እናቴ ዚፕ ልትገዛ በማለዳ ወጣች። አባቴም ሥራ ሄዷል። እህቴ አንድ ጫማ አጥልቃ ሁለተኛውን በእጇ ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አትቸኩልም፣ ግን ሊረፍድባትም አልነበረም። አጎቴ ሻይውን አስቀምጦ ጠቀሰኝ። "እይ እንግዲህ" ማለቱ ነው።

"ስሚ" አላት ፊቱን ኮስተር አድርጎ። "ዛሬ ትምህርት ቤት እንዳትሄጂ። ከልክዬሻለሁ።"

እህቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ አንድ አዝራር ላይ ነበርኩ፤ መርፌዬ ግማሽ ገብቶ ቆመ።

"እሺ" አለች።

ይህን ቃል ከእሷ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያን ዕለት ነው። ያጠለቀችውን ጫማ አውልቃ፣ ሁለቱን አስተካክላ ከአልጋው ሥር አስቀመጠችና ገብታ ተኛች።

አጎቴ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። "ቀልዴን እኮ ነው!" አለ በሩ ላይ ቆሞ። "ተነሺ፣ ሂጂ።"

"ትእዛዝ አንድ ጊዜ ነው" አለች ከብርድ ልብሱ ሥር።

"በመኪና ላድርስሽ!"

"የሚሉትን ከልብ ማለት ነው። ምክሩ ላይ አለ።"

የግቢው በር ከደወል በኋላ አይከፈትም። ደወሉ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ተሰማ። አጎቴ ወለሉን ረገጠ።

እናቴ ዚፖቹን ይዛ ስትመለስ ነገርናት። መጀመሪያ ተቀመጠች። ከዚያ ደመረች፤ ሠላሳ ሁለት ላይ የነገው አምስት ሙሉ ቢጨመር እንኳ ሠላሳ ሰባት ነው። ሁለት ጊዜ ደመረችው።

"አንቺስ?" አለችኝ። "እዚህ አልነበርሽም?"

"ነበርኩ" አልኩ።

ዚፖቹን በየመጠናቸው መደርደር ጀመረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ ያን ቀን በምንም አልተከራከረችም። የተሰጣትን በላች። እናቴ በስህተት "ፀጉርሽን አበጥሪ" ስትላት ማበጠሪያውን ፈልጋ አበጠረች። እናቴ ፈርታ ግንባሯን በእጇ ለካች። ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ስገባ ቅጹን ከላስቲኩ አውጥታ እያየችው ነበር።

"እንድትሄጂ ብሎ እንደሆነ ታውቂ ነበር አይደል?" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

ቅጹን መለሰችው። "እናንተ አሁን የምትሉትን ከልባችሁ ነው የምትሉት። እሱ ብቻ ነው የቀረው።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ሠላሳ ሁለት ነበረኝ" አለች ከዚያ።

አባቴ ከሥራ እንደተመለሰ ነገሩን እንደ መዝገብ አገላብጦ መረመረው። በእሱ እምነት አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ ያዘዘው ሰው ትምህርት ቤት ቀርቦ "እኔ ነኝ ያዘዝኳት" ማለት አለበት። አጎቴም አመሻሹ ላይ፣ ማንንም ሳያይ፣ ዳቦ ገዝቶ መጣ።

"ነገ ሄደህ ትናገራለህ" አለችው እናቴ።

"እምቢ።"

"ትሄዳለህ!"

"እኔ ምክትል ርዕሰ መምህር ፊት ቆሜ 'አጥፍቻለሁ' ልል? የገዛ ሚስቱን መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ!"

"ፈተናውን አለፈች?" አለ አባቴ።

"በአራተኛው። ምን ልትል ነው?"

"ተነስ፣ አሁን ደብዳቤ ጻፍ!" አለች እናቴ። "ዳቦውን አስቀምጥ! እየሰማኸኝ ነው? እየኝ እንጂ! እግርህን ሰብስብ!"

አጎቴ ዳቦውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው። አባቴ ከእናቴ ክንድ ላይ ስፒሎች እየነቀለ ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ትራስ ያዛውር ነበር። "አሥራ አንድ" አለ በቀስታ።

እህቴ ከክፍሏ ወጣች። ሁላችንንም አየችን፤ በመጨረሻ እናቴን።

"ውጡ" አለች። "ሰው እያየው እንዴት እሺ ይላል?"

ሦስታችን መጋረጃው ጀርባ ገብተን በተሰቀሉት ዩኒፎርሞች መሃል ቆምን። አባቴ ሳል ያዘው፤ እናቴ አንድ እጅጌ አፉ ላይ አደረገችለት።

"ጋሼ" አለች እህቴ ወዲያ ማዶ። ድምፅዋ ተራ ነው። "ነገ የምትመጣው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ ከእረፍት በኋላ?"

የዳቦው ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

"ጠዋት ተማሪ አለኝ" አለ አጎቴ።

"ከእረፍት በኋላ እንግዲህ" አለች። ምላሹን ቆማ አልጠበቀችም፤ የክፍሏ በር ሲዘጋ ሰማን። ሳይላተም ነው የተዘጋው።

ሐሙስ ከእረፍት በኋላ ምክትሉ ቢሮ ውስጥ ስድስት ሰዎች ለአራት ወንበር ቆምን፤ ምክትሉ፣ አማካሪዋ፣ እናቴ፣ አጎቴ፣ እህቴና እኔ። ምክትሉ ማኅተሙን ከፊቱ አስቀምጦ ቅጹን አነበበ። አጎቴ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጥቷል።

"እኔ ነኝ አትሂጂ ያልኳት" አለ። "እንድትሄድ ብዬ ነው።"

ምክትሉ ቀና አለ። "እንድትሄድ ብለው አትሂጂ አሏት?"

"አዎ።"

"እሷስ ምን አለች?"

"እሺ አለች።" አጎቴ ኮቱን ጎተተ። "ተሳስቻለሁ። ልጅቷ አላጠፋችም፤ የረገጥኩት እኔ ነኝ።"

ምክትሉ ቅጹን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ። "በቤተሰብ ትእዛዝ የቀረ ተማሪ የሚመዘገብበት ቦታ የለውም።"

"ሣጥን እንጨምርለት" አለች አማካሪዋ፤ ማስመሪያም አቀበለችው።

"አልታዘዝም አለች ተብላ ነው እዚህ የደረሰችው" አለ ምክትሉ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። "አሁን ስለታዘዘች ብናሰናብታት ለሌሎቹ ምን ብለን እናስረዳለን?" ማስመሪያውን አስቀምጦ መስመር አሰመረ። ረቡዕ ተሰረዘ፤ በምትኩ ዓርብ ተጨመረ። ሦስት ጊዜ ማኅተም አደረገበት፤ አንደኛው አልደመቀም ብሎ አራተኛ።

ኮሪደሩ ላይ እህቴ አጎቴን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ተሳስቻለሁ ስትል ድምፅህን አልቀነስክም" አለችው። "አመሰግናለሁ።"

አጎቴ ያለማቋረጥ ኮቱን ሲቆልፍና ሲፈታ ቆየ።

በዚያ ቀን አራት ፊርማ መጣ። ሠላሳ ስድስት።

ዓርብ እናቴ መቀስ ሁለት ጊዜ ጣለች፤ አንድ ሱሪ ላይ ሁለት የግራ ኪስ ሰፋች። ትምህርት ሳያልቅ ገና ተነስታ "ነይ እንሂድ" አለችኝና፣ ወዲያው "ወይም ደግሞ እዚህ ቆዪ። እንዳሻሽ" ብላ አረመችው። አብሬያት ሄድኩ። ምክትሉ ቢሮ በር ላይ ቆመን የመጨረሻውን ደወል ጠበቅን። አማካሪዋም መጥታ ከእኛ ጋር ቆመች።

እህቴ ለማንም ሳትቸኩል መጣች። ቅጹን ከላስቲኩ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምክትሉ በጣቱ እያስነካ ቆጠረ። አንደኛ ክፍለ ጊዜ፣ ፊርማ። ሁለተኛ፣ ፊርማ። ሦስተኛ፣ ፊርማ። አራተኛ፣ ፊርማ። አምስተኛው ባዶ ነው።

"አምስተኛው ምን ሆነ?"

"መምህሩ 'ሰሌዳው ላይ ያለውን ቅጂ' አለኝ" አለች እህቴ። "አልቀዳም አልኩት።"

"ለምን?"

"አርባ ሞልቶ ነበር።"

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አማካሪዋ መስኮቱን ማየት ጀመረች።

"አርባ ነው ያላችሁት" አለች እህቴ። "አርባ አንድ አላላችሁም።"

ምክትሉ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ እንደገና ቆጠረ። አርባ ነው። ለረጅም ጊዜ ባዶዋን ሣጥን አየ፤ ከዚያ "ትቆያለች" ብሎ ጻፈበት፤ ፈረመ፤ ማኅተሙን ተነፈሰበትና አተመ። ብዕሩን ሲከድን አንድ ነገር ማለት እንዳለበት ተሰምቶት መሰለኝ፣ ጎርነን ባለ ድምፅ "ነገ ጠዋት በሰዓቱ እንድትገኚ" አላት።

"ነገ ቅዳሜ ነው" አለችው።

እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። እኔ ምንም ልል አልነበረም። ምክትሉ ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየ፤ ጣቱን ዓርብ ላይ አስነክቶ አንድ ወደፊት ገፋ።

"ነው" አለ።